«ባክአፕ» ብላችሁ የሰየማችሁት ነገር ባክአፕ አይደለም!

«ዴስክቶፔ ባዶ ሆነ፣ ፋይሎቼ የት ገቡ?» የሚል ጥያቄ መቼም አያልቅም። ብዙ ጊዜ ቫይረስ አይደለም፣ ሃርድ ዲስኩም አልተበላሸም። ፋይሉን ያንቀሳቀሰው «ባክአፕ» የሚል ስም የወጣለት ፊቸር ነው።

ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ፣ ዋን ድራይቭን እንውሰድ። መጠባበቂያ ማለት ዋናው ባለበት ሆኖ ቅጂው ሌላ ቦታ ሲቀመጥ ነው። ይሄኛው ግን ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ፒክቸርስን ከነበሩበት ነቅሎ ዋን ድራይቭ ፎልደር ውስጥ ይተክላቸዋል። ነፃው ቦታ 5 ጊጋባይት ነው፤ የአንድ ሠርግ ፎቶና ቪዲዮ ይጨርሰዋል። ሲሞላ ሲንኩ (ኮምፒውተሩንና ኢንተርኔት ላይ ያለውን ቅጂ አንድ ዓይነት የሚያደርገው ሥራ) ቀጥ ይላል። ከዚያ ወዲህ የሠራችሁት ሥራ ቅጂ የለውም፣ እናንተ ግን አለን ብላችሁ ትተኛላችሁ። የጉግል 15 ጊጋባይትም ጂሜይል፣ ድራይቭና ፎቶስ የሚካፈሉት ነው፤ ከሞላ ኢሜይል እንኳ አይገባላችሁም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የዋን ድራይቭ «ቦታ ይቆጥባል» የሚሉት ፊቸር ነው። የፋይሉ ስም አለ፣ ምስሉ አለ፣ ውስጡ ግን የለም! ጎኑ ላይ የደመና ምልክት ካያችሁ ፋይሉ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ነው ያለው። ነጭ ክብ ላይ አረንጓዴ ራይት ከሆነ ለጊዜው ኮምፒውተሩ ላይ አለ፤ ሙሉ አረንጓዴ ክብ ላይ ነጭ ራይት ከሆነ ሁልጊዜ ይቀመጣል። ለማረጋገጥ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ግቡ። «ሳይዝ» 4 ጊጋባይት እያለ «ሳይዝ ኦን ዲስክ» ዜሮ ካለ፣ በእጃችሁ ያለው ቅርፊቱ ነው። ኔትወርክ በጠፋበት ቀን አይከፈትም፣ ወደ ፍላሽም አይገለበጥም። ስለዚህ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ከመገልበጣችሁ በፊት ፎልደሩን ራይት ክሊክ፣ «ኦልዌይስ ኪፕ ኦን ዚስ ዲቫይስ»፣ ከዚያ ሁሉም ሙሉ አረንጓዴ እስኪሆን መጠበቅ ነው። ይህን ለተራ ተጠቃሚ ማን ነገረው? ማንም!

የሂሳብ ሠራተኞች፣ እባካችሁ የሂሳብ ፕሮግራማችሁን የፒችትሪን ዳታ ፎልደር ሲንክ የሚደረግ ፎልደር ውስጥ አታስገቡ! የአንድ ድርጅት ሂሳብ አንድ ፋይል ሳይሆን እርስ በርስ የተያያዙ ብዙ የዳታ ፋይሎች ነው። አንድ ነገር ፖስት ስታደርጉ ብዙዎቹ አብረው ይቀየራሉ። የሲንክ ፕሮግራሙ ይህን አያውቅም፤ አንዱን አሁን፣ ሌላውን ከ5 ደቂቃ በኋላ ያነሳል። ክላውድ (ኢንተርኔት ማስቀመጫው) ላይ የሚቀመጠው እርስ በርሱ የማይስማማ ቁርጥራጭ ይሆናል፤ የበጀት ዓመት መዝጊያ ላይ ስትመልሱት ላይከፈት ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ሁሉም ተጠቃሚ ከፕሮግራሙ ወጥቶ፣ ፋይል ሜኑ ውስጥ «ባክ አፕ» በሚለው አንድ ፋይል ማውጣት፣ ስሙ ላይ ቀኑን መጻፍና ያንን ብቻ መላክ ነው። የትናንቱን በዛሬው አትተኩ፤ ስህተቱ የገባው ባለፈው ሳምንት ከሆነ የሚያድናችሁ አሮጌው ነው።

ሲንኩ የኢንተርኔት ዳታችንንም እየበላው ነው። ላፕቶፑ ከስልክ ሆትስፖት ጋር ሲገናኝ ተራ ዋይፋይ መስሎት ፓኬጁን ሙልጭ ሊያደርገው ይችላል። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ፣ ዋይፋይ፣ የግንኙነቱ ፕሮፐርቲስ ገብታችሁ «ሚተርድ ኮኔክሽን» (ዳታው የተገደበ ግንኙነት) የሚለውን አብሩት። ዋን ድራይቭ ሴቲንግ ውስጥም ሚተርድ ሲሆን ሲንክ እንዲቆም የሚያደርገው ምርጫ መብራቱን እዩ፤ የአፕሎድ ፍጥነት መገደቢያም አለ፣ 125 ኪሎባይት በሰከንድ ማለት 1 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ሒሳቡን እንሥራው፦ አፕሎዳችሁ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ከሆነ 100 ጊጋባይት ለመጫን ያለማቋረጥ ከ4 ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል። መብራት ሳይጠፋ! ኩባንያዎቹ ግን በየጊዜው የሚጨምሩልን የፎቶ ትዝታና ፋይል የሚያጠቃልል አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው። እኛ የምንፈልገው ሌላ ነው። የተቋረጠ አፕሎድ ካቆመበት ይቀጥል። የተቀየረው ክፍል ብቻ ይጫን፤ ድሮፕቦክስ የሚባለው ሌላ ማስቀመጫ ፋይሉን 4 ሜጋባይት በሚደርሱ ክፍሎች ከፋፍሎ ይህን ያደርጋል፣ ለሌሎቹ ምን ገዷቸው ነው ለዓመታት የዘገዩት? ቦታ ሲሞላም ጥግ ላይ በምትታይ ትንሽ ምልክት ሳይሆን ፊት ለፊት፣ «ከዚህ ቀን ወዲህ ያለው ሥራህ ቅጂ የለውም» ብሎ ይንገረን።

ሲንክ የሰጡትን ያንጸባርቃል። እዚህ ያጠፋችሁት እዚያም ይጠፋል፣ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) የቆለፈው ፋይልም ተቆልፎ ይጫናል። የጉግል ድራይቭ ትራሽ በ30 ቀን ራሱን ያጸዳል፣ የግል ዋን ድራይቭም እንደዚሁ። በ31ኛው ቀን የነቃ ሰው ምን ይዋጠው?

ስለዚህ ክላውዱ እንዳለ ሆኖ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይኑራችሁ። በሳምንት አንዴ ሰክታችሁ ገልብጡና ንቀሉት፤ ተሰክቶ ከዋለ ራንሰምዌሩ እሱንም ይቆልፈዋል። በወር አንዴ ደግሞ ከዲስኩ ላይ ሦስት ፋይሎች፣ አንድ ፎቶ፣ አንድ ዶክመንትና አንድ የሂሳብ ባክአፕ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ እዩ።