ሕዝቡ አልሰማም?

ጎርፍ መንደር ጠርጎ በሄደ ማግስት ከኃላፊዎች አፍ የማይጠፋ ንግግር አለ፤ «አስጠንቅቀን ነበር፣ ሕዝቡ ግን አልሰማም»። እኔ ይህን ንግግር አላምነውም። ነፍሱን የሚጠላ ሰው የለም። ምን ተነገረው? ማን ነገረው? ተነሥቶስ ወዴት እንዲሄድ ታሰበለት? ይህ ሳይጣራ ወቀሳው አይቀድምም።

የኮሎምቢያዋን አርሜሮ እንይ። ኔቫዶ ዴል ሩይዝ የተባለው በረዶ ለበስ እሳተ ገሞራ ቢፈነዳ የጭቃ ጎርፉ የት የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1985 ወጥቶ ነበር። አርሜሮ ካርታው ላይ አለች። ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው የቀድሞ ጎርፎች ባነጠፉት ደለል ላይ ነው፤ በ1845 የወረደው ጭቃ በዚያው አካባቢ አንድ ሺህ ያህል ሰው ፈጅቷል። ካርታው በወጣ በወሩ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አመድ መዝነብ ጀመረ። ነዋሪው የተነገረው ግን ተረጋጉ፣ ከቤት አትውጡ የሚል ነበር። ተራራው ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድም ፈነዳ። ጭቃው ከተማዋን ያገኛት ሁለት ሰዓት ከምናምን ቆይቶ ነው፤ ከፍታ ቦታ ላይ በእግር ለመውጣት የሚበቃ ጊዜ። ከ20 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። አልሰሙም እንዳንል ሰምተዋል፤ ቤታችሁ ተቀመጡ ተባሉ፣ ተቀመጡ።

የኢንዶኔዥያዋ ሲሜሉዌ ደሴት በ2004 ሱናሚ ሲመታት ሳይረን አልነበራትም። ከ1907ቱ ሱናሚ የተረፉ አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው ያወረዱት ትረካ ግን ነበራት፤ መሬት በኃይል ከተንቀጠቀጠና ባሕሩ ከሸሸ፣ ማንንም ሳትጠብቅ ወደ ኮረብታ ሩጥ። ከ78 ሺህ ገደማ ነዋሪ የሞቱት 7 ናቸው። ልብ በሉ፣ ትረካው ስለ አደጋው ብቻ አያወራም፤ እግርን ወዴት እንደሚያነሡ ይናገራል።

እንዲህ ያለ ትረካ በመመሪያ አይፈጠርም፤ የሌለው ሌላ መላ ይፈልጋል። ባንግላዲሽ በ1970ው አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300 ሺህ ሰው አጥታ፣ ሲድር በተባለው የ2007ቱ አውሎ ነፋስ የሞቱባት ከ3 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ያም ቢሆን ብዙ ነው። ትንበያው መሻሻሉ እውነት ነው። ነገር ግን ማስጠንቀቂያውን ድምፅ ማጉያ ይዞ በየደጁ የሚያደርሰው ሰው ከዚያው መንደር የተመለመለ፣ ጎረቤት የሚያውቀው በጎ ፈቃደኛ ነው። መጠለያም ተሠርቷል።

መጠለያው ቢሠራም ገበሬው ላሙን ትቶ አልገባ አለ። ከሩቅ ለሚያየው ድንቁርና ይመስላል። እሱ ግን አስልቷል፤ ከነፋሱ ቢተርፍ ያለ ላም ነገ ቤተሰቡን በምን ያኖራል? ስብከት አልፈታውም። ለከብቶቹ ውኃ የማይደርስበት የአፈር ጉብታ መከመር ነበረበት። ሴቶችም ከማያውቋቸው ወንዶች ጋር ተፋፍገው ከማደር ቤት መቅረትን ይመርጡ ነበር፤ በኋላ የተሠሩ መጠለያዎች ለሴቶች የተለየ ክፍልና መጸዳጃ አላቸው።