ወንዝ ሌላ፣ ቁልቁለት ሌላ

አንድ ጸሐፊ ባንግላዴሽ ያን ሁሉ ወንዝ ይዛ ለኤሌክትሪክ ብዙ ግድብ አለመሥራቷ ገርሞት ጽፏል። ወንዙማ ሞልቷል፤ አገሩ ሜዳ ስለሆነ የጠፋው ቁልቁለቱ ነው! እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። የሐረጎን መንገድ የወረደ ሰው የቦርከና ወንዝ ከደሴ ወደ እኛ እንዴት እንደሚመጣ ያውቃል። ያው ወንዝ ጨፋ ሜዳ ሲደርስ ግን ይተኛል። እዚያ ቢገደብ የከብቱን ግጦሽ ውሃ ይበላዋል እንጂ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ተርባይን የሚያዞር ጉልበት ከየት ይመጣል?

የእኛ ተከዜ በ188 ሜትር ግድብ 300 ሜጋ ዋት ነው። የእነሱ ካፕታይ ግድብ፣ ያውም ኮረብታማው ቺታጎንግ ላይ ሆኖ፣ 230 ሜጋ ዋት፤ ለእሱም ወደ 100,000 ሰው ተፈናቅሏል፣ አብዛኛው የቻክማ ሕዝብ። ከተራራማዋ ኔፓል መግዛቱ ይሻላቸዋል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. 40 ሜጋ ዋት በህንድ በኩል መጥቶላቸው ነበር። መስመሩ በሰው አገር ማለፉ ነው እንጂ የሚያሳስበው።