ባሕሩ ተራውን ይጠብቅ

የባሕር ዳርቻ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶችን ማማት ልማድ ሆኗል። ውሃው እየመጣ እነርሱ ስብሰባ ላይ ናቸው ይባላል። ስብሰባ ላይ መሆናቸው እውነት ነው፤ ግን የውሃውም አመጣጥ ይታይ እንጂ። በይነ መንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት እንዳሰፈረው፣ የዓለም ባሕር ጠለል ከ1901 እስከ 2018 ድረስ ከፍ ያለው 20 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ከ2006 እስከ 2018 ደግሞ በአማካይ በዓመት 3.7 ሚሊሜትር ጨምሯል። በዚህ እርምጃ ለሚመጣ እንግዳ ከወንበር ብድግ ማለት ክብርን ዝቅ ማድረግ ነው። ፍጥነቱ በሃያኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ከነበረው ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ አድጓል የሚሉ አሉ። ይህስ ቢሆን ዕድገት አይደለምን? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እስኪወስድ ድረስ ቢሳቅ ታዲያ ምን ክፋት አለው?

ስለዚህ ዛሬ የማነሣቸው ለሙገሳ ነው። ባሕርን በሰነድ የመገደብ ጥበብ የሚገባውን ምስጋና አላገኘም።

ሥራው የሚጀምረው በባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ ነው። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ካርታ ይዘረጋል። በ2050 ውሃ የሚገባበት ሰፈር ፈዛዛ ሰማያዊ፣ በ2100 የሚገባበት ደግሞ ደማቅ ሰማያዊ ተቀብቷል። ለተሳታፊዎች ክብ ክብ ባለቀለም ተለጣፊ ወረቀት ይታደልና “የምትሳሱለትን ቦታ ምረጡ” ይባላሉ። ሕዝቡ ይለጥፋል፦ ትምህርት ቤቱ ላይ፣ መቃብሩ ላይ፣ የቆሻሻ ማጣሪያ ጣቢያው ላይ። አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ ከኋላ ተነሥተው ግንቡ መቼ እንደሚሠራ ይጠይቃሉ። ሰብሳቢው በአክብሮት ጎንበስ ብሎ፣ “አባቴ፣ እጅግ ጠቃሚ ጥያቄ ነው ያነሡት፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝልዎታል” ይላቸዋል። ይያዛልም። እስከ ዛሬ ውሃ ያልነካው ነገር ቢኖር ያ ቃለ ጉባኤ ነው። (ካርታውን የሠሩት ወጣት ባለሙያዎች በዚህ ሙገሳ ውስጥ የሉም። የእነርሱ ጥፋት ሥራቸውን በትክክል መሥራታቸው ነው።)

ቀጥሎ በጀት ይመጣል፤ ጥበቡም የሚረቀው እዚህ ላይ ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤን ዳርቻ የሚቆጣጠረው ኮሚሽን ከአካባቢው የትራንስፖርት ኮሚሽን ጋር በ2023 አንድ ጥናት አወጣ። እስከ 2050 ዳርቻውን ለመከላከል 110 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋል፤ ዝም ከተባለ ግን ጉዳቱ ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይሆናል ይላል። የበጀት ትምህርት ያልቀመሰ ሰው ይህን ሲሰማ በችኮላ 110ሩን ይመርጣል። የበሰለ የበጀት ሰው ግን የመጀመሪያው ሂሳብ ከእርሱ መዝገብ እንደሚወጣ፣ ሁለተኛው ደግሞ በተተኪው ዘመን እንደሚደርስ ያውቃል። ቁጠባ ማለት ይህ ነው።

ደግሞም ግንብ ከጎርፍ በፊት ሲጠየቅ ገንዘብ የለም። የአዋጭነት ጥናት ይቅረብ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይታከል፣ ተጓዳኝ መዋጮ ይፈለግ፣ ለሚቀጥለው የበጀት ዓመት ይተላለፍ ይባላል። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ግን ገንዘቡ ደብዳቤ ሳይጻፍለት ከተፍ ይላል። ባለሥልጣኑ ቦት ጫማ ተጫምተው ይመጣሉ፤ ካሜራም ይከተላል። በሰዓቱ የተሠራ ግንብ ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ ያልደረሰ ጎርፍ ፎቶ አይነሣምና። “ሳይቃጠል በቅጠል” ያሉት አባቶች የቅጠሉን ግዢ የሚያጸድቅ የጨረታ ኮሚቴ አልነበረባቸውም።

ሰነድ እንኳን ሳያስፈልግ ባሕርን ማቆም እንደሚቻል ያስተማረችን የአሜሪካዋ ሰሜን ካሮላይና ናት። የግዛቲቱ የባሕር ዳርቻ ሀብት ኮሚሽን የሳይንስ አማካሪዎች በ2010፣ ባሕሩ እስከ 2100 አንድ ሜትር ያህል ሊጨምር ስለሚችል በዚያ ልክ ይታቀድ ብለው መከሩ። አንድ ሜትር ካርታ ላይ ሲቀባ ግን ብዙ የሚሸጥ መሬት ሰማያዊ ይሆናል። ግንብ ውድ ነው፤ መንገድ ከፍ ማድረግም ውድ ነው፤ እጅ ማውጣት ግን ነጻ ነው። ስለዚህ የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች በ2012 አንድ ሕግ አወጡ፤ ሕጉ ኮሚሽኑ እስከ 2016 አጋማሽ ድረስ ለቁጥጥር ሥራ የሚያገለግል የባሕር ጠለል ጭማሪ መጠን እንዳይወስን አገደ። ኋላም ትንበያው በ30 ዓመት ብቻ እንዲወሰን ተደረገ። ሠላሳ ዓመት በዚያ አገር የተለመደው የቤት ብድር ዕድሜ ነው። ብድሩ ካለቀ በኋላ ቤቱና ባሕሩ ይነጋገሩ!

የጣሊያኑ የቬኔቶ ክልል ምክር ቤት ደግሞ እስካሁን ያልተተካከለ የጽናት ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 2019 ምሽት፣ ቬኒስ ውስጥ በታላቁ ቦይ ዳር በሚገኘው አዳራሹ የቀጣዩን ዓመት በጀት እየመከረ ነበር። የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም የቀረቡ ማሻሻያዎች በድምፅ ብልጫ ወደቁ። አንድ የተቃዋሚ ወገን አባል እንደተናገሩት፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ውሃው አዳራሹ ውስጥ ገባ። ዕድል ይሰጠኝ አላለ፣ እጁን አላወጣ፤ ሥነ ሥርዓት የሌለው ውሃ ነው። በዚያ ሌሊት የውሃው ከፍታ 187 ሴንቲሜትር ደረሰ፤ ከ1966 ወዲህ እንዲህ ያለ አልታየም። ከተማዋ መከላከያ አልታሰበላትም እንዳይባል፣ 78 ተነሺ በሮች ያሉት ግድብ ሥራው የተጀመረው በ2003 ነበር። በመካከሉ በ2014 ከዚሁ ፕሮጀክት ጋር በተያያዘ በሙስና የተጠረጠሩ ባለሥልጣናትና ነጋዴዎች ታሰሩ፤ ከአምስት ቢሊዮን ዩሮ በላይ ከወጣበት በኋላም በሮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ አደጋ ለመከላከል የተነሡት በኦክቶበር 2020 ነው። ሲነሡ መሥራታቸው ብቻ ትንሽ ያሳፍራል።

ጠባብ በጀት ያለው ሁሉ የሚወደው አሸዋ ነው። በማሳቹሴትስ የሳልስበሪ ባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች በ2024 ከኪሳቸው 600 ሺህ ዶላር ገደማ አዋጥተው ከ14 ሺህ ቶን የማያንስ አሸዋ ቤታቸው ፊት ከመሩ። ማዕበሉ አብዛኛውን በሦስት ቀን ጠረገው። አሸዋው ሥራውን ሠርቷል ተባለ፤ ቤቶቹ ባሉበት አሉና። በቀን 200 ሺህ ዶላር ቢወጣም ሥራ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሥርዓት ያፈነገጡ አሉ። ኔዘርላንድስ በ1953 ባሕሩ ግድቡን ጥሶ 1,836 ሰዎች ሲሞቱባት፣ ሦስት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ የዴልታ ኮሚሽን አቋቋመች። እስከዚህ ድረስ ደንቡን የጠበቀ ነው፤ ኮሚሽን ማቋቋም የሁላችን ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ግንባታ ውስጥ መግባታቸው ነው፤ ትልቁ ተንቀሳቃሽ የማዕበል መከላከያ በራቸው በ1997 እስኪመረቅ ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ ሲገነቡ ኖሩ። ይባስ ብለው ለውሃ ጉዳይ ብቻ የሚውል፣ በየዓመቱ ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በላይ የሚመደብለት ፈንድ በሕግ አጸኑ። ገንዘቡ አስቀድሞ ካለ ምን ይለመናል? ቦት ጫማውስ መቼ ይደረጋል?

የዚህ ሙገሳ ተጠራጣሪዎች ውጤት አምጡ ይላሉ። ውጤትማ አለ። በሰሜን ካሮላይና የአውተር ባንክስ ደሴቶች ዳርቻ፣ ሮዳንቴና ባክስተን በሚባሉት ቦታዎች፣ ከ2020 ወዲህ ከአሥር በላይ ቤቶች በምሰሶዎቻቸው ላይ እንደቆሙ ተንገዳግደው ባሕር ውስጥ ወድቀዋል። ፍራሽና የማቀዝቀዣ በር ኪሎ ሜትሮችን ተንሳፍፎ ተለቅሟል። ይህ በአፈጻጸም ሪፖርት እንዴት እንደሚጻፍ አላስቸገረኝም፦ “ለአደጋ የተጋለጡ ቤቶችን ቁጥር በመቀነስ ረገድ፣ ምንም ተጨማሪ በጀት ሳይጠየቅ፣ ከዕቅድ በላይ ተከናውኗል።”