ልጆቻችሁን አፍ አታስይዙ

ወገኖቼ፣ የልጆቻችሁን ጸጉር ለጊዜው ተዉት።

እሁድ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ ግቢው ውስጥ ወላጆች ቆመው ሲያወሩ ስሙ። ወሬው አንድ ነው። ልጁ ጸጉሩን አንጨባረረ፣ ልጅቷ የተቀዳደደ ሱሪ ገዛች፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከለር ዴይ፣ ክሬዚ ዴይ እያለ አበላሻቸው። «ስምንተኛው ሺህ ደርሷል!» ይባልና ከንፈር ተመጦ ሁሉም ወደ ቤቱ ይበተናል።

እስቲ የድሮውን አልበም ግለጡ። በ1960ዎቹ አፍሯቸውን አጎፍረው፣ ቤልቦተም ሱሪ ለብሰው ፎቶ ቤት የቆሙት እነማን ናቸው? የዛሬዎቹ አያቶች ናቸው። ያኔም ስምንተኛው ሺህ ተብሎላቸዋል። ዛሬ ብዙዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ኪዳን ለማድረስ ማልደው የሚወጡ ሽማግሌዎች ሆነዋል። ጸጉር ይበቅላል፣ ይቆረጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው።

ልጆቻችን ስለ እምነታቸው የሚጠይቁት ሰው ቤታቸው ውስጥ የለም። ሰው ጠፍቶ አይደለም። አፍ ያስያዝናቸው እኛው ነን።

የ15 ዓመት ልጅ የሚጠይቀው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። «እግዚአብሔር ጸሎት ይሰማል ካላችሁ ይሄ ሁሉ ሰው በጦርነት ለምን አለቀ?» ይላል። «ሙስሊሙ ጓደኛዬ ከእኔ የተሻለ ሰው ነው፤ እሱ ምን ይሆናል?» ይላል። አንዳንዱማ ደፍሮ «በጾም ሥጋ አትበሉም፤ ሰው ግን ታማላችሁ» ይላል። መልሳችን የታወቀ ነው፦ «አትመራመር! በእግዚአብሔር ሥራ አትግባ! ማን ነው እንዲህ ያስተማረህ?» በፕሮቴስታንት ቤትም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ጥያቄ ሲበዛ «ይጸለይለት» ይባላል። ጸሎቱ መልካም ነው፤ ግን ልጁ ጠየቀ እንጂ አልታመመም።

በቅርቡ ከመገናኛ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ እናትና ልጅ ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። ሁለቱም ነጠላ ለብሰዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነው። ልጅቷ ብትበዛ 14 ቢሆናት ነው። ወደ እናቷ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ «እማዬ፣ የወር አበባዬ ሲመጣ ቤተ መቅደስ የማልገባው ረክሼ ነው?» አለቻት። እናት ክንዷን ቆንጠጥ አድርጋ፣ «ዝም በይ! ሰው ይሰማል» አለች። ልጅቷ መልስ አልሰጠችም። ስልኳን አወጣች፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ ሰካች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ጥያቄው ታክሲ ውስጥ የሚመለስ አልነበረም፤ ልክ ነው። «ቤት ስንደርስ እናወራለን» ማለት ግን ይቻል ነበር። ቤት ሲደርሱ ደግሞ ማርቆስ 5ን ገልጦ ማንበብ ይቻላል። 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረች ሴት ልብሱን ስትነካው ጌታ አልተቆጣትም፤ «ልጄ ሆይ፥ እምነትሽ አድኖሻል» አላት። ከዚያ ስለ ቤተ ክርስቲያኗ ሥርዓት የሚያስረዳ ካህን ይጠየቃል። ልጅቷ መግባት አለመግባቷ ብቻ አይደለም ያስጨነቃት። ራሷን መጥላት እንዳለባትና እንደሌለባት እየጠየቀች ነበር። በቁንጥጫ የተመለሰላት ይሄ ነው።

ታዲያ ቤት ውስጥ የታፈነ ጥያቄ የት የሚሄድ ይመስላችኋል? ማታ ቲክቶክ ላይቭ ግቡና እዩ። ኦርቶዶክሱ፣ ጴንጤው፣ ሙስሊሙ ተፋጠው ይሰዳደባሉ። አንዱ ሌላውን ባዋረደ ቁጥር ከተመልካቹ ጊፍት፣ ማለትም በገንዘብ የሚገዛ ስጦታ፣ ይዘንባል። ጥቅስ እንደ ድንጋይ ይወረወራል። ልጃችሁ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍኖ ይህን ይሰማል። መልስ ያገኛል፤ ከመልሱ ጋር ግን ስድቡን አብሮ ይማራል። ከወራት በኋላ ለጎረቤት ልጅ ጥቅስ እየጠቀሰ ሲሳደብ እናንተ «ተመስገን፣ ልጄ በሃይማኖቱ ጠነከረ» ትላላችሁ። አልጠነከረም። ሌላውን መናቅ ለምዷል። ይሄ ከተቀደደው ሱሪ በብዙ የሚብስ ሆኖ ሳለ ማንም ከንፈር አይመጥለትም።

መጽሐፉን ባነበብነው! ጌታ 12 ዓመት ሲሆነው በኢየሩሳሌም ቀርቶ ከሦስት ቀን በኋላ የተገኘው በመቅደስ ነው፤ በመምህራን መካከል ተቀምጦ «ሲሰማቸውም ሲጠይቃቸውም»። ከመምህራኑ አንዱም አትመራመር አላለውም። እመቤታችን ሦስት ቀን ሙሉ ተጨንቃ ስታገኘው «ልጄ ሆይ፥ ለምን እንዲህ አደረግህብን?» ብላ ጠየቀችው። የመለሰላቸውን ነገር አላስተዋሉትም፤ እርሷ ግን በልቧ ጠበቀችው። የልጃችንን ነገር ሳይገባን በልባችን የምንይዝ ስንቶቻችን ነን? በኦሪት ዘጸአትም የፋሲካው ሥርዓት ሲሰጥ «ልጆቻችሁ ይህ አምልኮ ምንድር ነው? ሲሉአችሁ» እንዲህ በሉአቸው ተብሏል። የልጁ ጥያቄ ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ታስቦበታል። የእኛው ሊቃውንትም ቢሆኑ አንዱን ቃል «አንድም፣ አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ የፈቱ ሰዎች ናቸው። ጥያቄ የሚፈራ ቤት ያን ሁሉ ትርጓሜ አያወርስም ነበር። ፍርሃቱን ከየት እንዳመጣነው እንጃ።

አስቡት፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሱ አፍ አልነበራቸውም። ሰይጣንን የካደላቸው፣ እምነታቸውን የመሰከረላቸው ክርስትና አባት ወይም እናት ነው። አሁን አፍ አውጥተዋል። ያኔ በስማቸው የተመለሰውን ራሳቸው ሊመልሱት ይፈልጋሉ፤ ለዚህ ነው የሚጠይቁት። ክርስትና አባትየውስ የት አለ? እኛ እኮ ክርስትና አባት የምንመርጠው በወዳጅነት፣ አንዳንዴም በኪሱ ነው። ለልደት ኬክ ይዞ ይመጣል፣ ለአዲስ ዓመት ብር ይሰጣል፣ አለቀ። ማስተማር የእሱም ግዴታ መሆኑን ማን ያስታውሰው?

የንስሐ አባቱም ጉዳይ እንደዚያው ነው። አባ ጸበል ሊረጩ ይመጣሉ። ልጁ ከክፍሉ ይጠራል፣ መስቀል ይሳለማል፣ ጸበሉ ፊቱ ላይ ይረጭበታል፣ ተመልሶ ይገባል። ከዚያ ወላጆች ሳሎን ተቀምጠው፣ ቡና እየጠጡ፣ ልጁ በር ላይ እየሰማ፣ ኃጢአቱን ይዘረዝራሉ። «አባ፣ ይሄ ልጅ እኮ አስቸገረኝ፤ ገሥጹልኝ።» በዚህ መልክ የተከሰሰ ልጅ ነገ ለእኚህ ካህን ምሥጢሩን ይነግራል ብላችሁ ነው? ካህኑን የእናንተ ፖሊስ አደረጋችኋቸው።

ባሕር ማዶ ያላችሁም አትዘናጉ። ዋሽንግተን አካባቢ ተወልዶ ያደገ ልጅ ግእዙንም አማርኛውንም ሳይሰማ ሦስት ሰዓት ቆሞ ያስቀድሳል። «ምን እያሉ ነው?» ሲል «ዝም ብለህ ቁም» ይባላል። ቆሞማ ያድጋል፤ ኮሌጅ ሲገባ ግን «ቁም» የሚለው ሰው አብሮት አይሄድም። ዓረብ አገር ሆናችሁ በላባችሁ ልጅ የምታሳድጉ እናቶች ደግሞ ከሁሉም የከበደው በእናንተ ላይ ነው፤ በእናንተ አልፈርድም። ግን ስትደውሉ «ስልኩ ደረሰህ? ብሩ ገባ?» ብቻ አይሁን። ዛሬ ምን ሲያስብ እንደዋለም ጠይቁት።

ወጣቱ ቀናዒ አይደለም የሚለኝ ካለ ጥምቀት ላይ ይውጣ። በታቦቱ ፊት ቀይ ምንጣፍ እየጠቀለሉ፣ እየሮጡ መልሰው የሚያነጥፉት፣ መንገድ የሚጠርጉት፣ ሕዝቡን የሚያስተናብሩት እነማን ናቸው? እነዚሁ ጸጉራቸውን አንጨባረሩ የምንላቸው ናቸው። ጉልበታቸውን እንፈልገዋለን፤ ጥያቄያቸውን ነው የማንፈልገው።

ሐዋርያው በኤፌሶን መልእክቱ ልጆችን «ታዘዙ» ካለ በኋላ ወደ አባቶች ዞሮ «ልጆቻችሁን በጌታ ምክርና በተግሣጽ አሳድጉአቸው እንጂ አታስቆጡአቸው» ይላል። እኛ የመጀመሪያዋን ብቻ በቃላችን ይዘናል። ምክር ማለት ደግሞ ተቀምጦ መነጋገር ነው። በር ላይ ቆሞ መጮህ አይደለም። ሊቅ ሁኑ አላልኳችሁም። «አላውቅም፣ አብረን እንጠይቅ» ማለት ድፍረት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለንስሐ አባታችሁ ደውሉ። ፓስተር ላላችሁም ያው ነው። ለልጁ ብቻ አንድ ሰዓት ለምኑ። ሲመጡ ክስ አትደርድሩ። ቡናውን አቅርቡና ከሳሎን ውጡ፤ በሩንም ዝጉት። ሲጨርሱም «ምን አለዎት?» ብላችሁ አባን አትጠይቁ።