ዲቪ ደርሶት የመጣ ሰው “ሕገወጥ” የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና እየጠጣን አንድ ወንድማችን “አዲሱ የጤና ሕግ የነካው ሕገወጦችን ብቻ ነው። ሕጋዊ የሆነ ምን አስጨነቀው? ሠርቶ የግል ኢንሹራንስ ይግዛ” አለ። አጠገቡ የነበሩትም “እውነቱን ነው” አሉት። እኔ ግን ቡናው አልወርድልህ አለኝ። የሕጉ ደጋፊ ፖለቲከኞች ይህን ሲሉ ለምጄዋለሁ። ከእኛው ሰው አፍ ስሰማው ነው ያመመኝ።

ሐሰት ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ከድንገተኛ ሕክምና በቀር የፌዴራል ሜዲኬድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠውን የጤና ኢንሹራንስ) አያገኝም ነበር፤ የግል ኢንሹራንስ መግዣ የሆነው የኦባማኬር ድጎማም አይሰጠውም። ያልነበረውን ማን ይወስድበታል? ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ የነጠቀው ሕጋዊውን ነው። በስደተኛነት የገባ ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት አዋቂ፣ ግሪን ካርድ እስኪይዝ ድረስ፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከሜዲኬድ ውጭ ነው። በጃንዋሪ 2027 የኦባማኬር ድጎማውም ይቀርበታል።

የዲቪው ደግሞ ይብሳል። ግሪን ካርድ የያዘ አዋቂ ሜዲኬድ ለማግኘት አምስት ዓመት ይጠብቅ የሚለው ሕግ ከ1996 ጀምሮ አለ። የ2010ሩ የኦባማኬር ሕግ ይህን ቀዳዳ ደፍኖት ነበር። ገቢህ ከድህነት መስመር በታች ቢሆንም፣ አምስት ዓመቱ እስኪሞላ በድጎማ የግል ኢንሹራንስ ትገዛ ነበር። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ይሄ የለም።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። ለ2026 ድጎማ የተያዘው የድህነት መስመር ለአንድ ሰው 15,650 ዶላር ነው። ሁለት ልጆች በአንድ አውሮፕላን በዲቪ መጡ እንበል። አንዱ በዓመት 16,000 ዶላር ያገኛል፤ ድጎማ ይሰጠዋል። ሌላው ፓርኪንግ ውስጥ የሚሰጡት ሰዓት ስላነሰ 15,000 ያገኛል። ለእሱ ሜዲኬድም የለም፣ ድጎማም የለም። ሙሉውን ዋጋ፣ በወር መቶዎች ዶላር፣ ከኪስህ ክፈል ይባላል። የበለጠ ያገኘው ተረዳ፣ ያነሰው ተባረረ! ይህን ያረቀቀ ሰው ደሃ አይቶ አያውቅም። አሠሪህ ይግዛልህ እንዳይባል፣ ሕጉ ትልልቅ አሠሪዎችን የሚያስገድደው በሳምንት 30 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠራ ሠራተኛ ነው። አዲስ መጤ 30 ሰዓት የሚሞላለት ስንት ወር ለምኖ ነው?

እናት አባት ያመጣችሁም አስቡት። ከአገር ቤት የደም ግፊት ክኒኗን በቦርሳ ይዛ የመጣች የ68 ዓመት እናት ሜዲኬር (የአረጋውያኑን የመንግሥት ኢንሹራንስ) ለመግዛት እንኳ አምስት ዓመት እዚህ መኖር አለባት። የራሷ ገቢ ዜሮ ነው። እስካሁን በድጎማው ኢንሹራንስ የነበራት፣ አሁን ልጇ ክኒን እየቆጠረች የምትሰጣት ሆነች።

“ድንገተኛ ክፍል አለ” ይሉናል። አለ። የ1986ቱ ሕግ ሆስፒታሉ ሕይወትህን እንዲያተርፍ ያስገድደዋል፤ ሂሳቡን ግን ቤትህ ይልክልሃል። የግፊት ክኒን ያልገዛህላትን እናት ስትሮክ ሲመታት ማከም ምኑ ቁጠባ ነው? ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ኢንሹራንስ ለሌላቸው አዋቂዎች የክሊኒክ ፕሮግራም አለው፤ እግዜር ይስጠው። ክሊኒክ ግን ኢንሹራንስ አይደለም። ቀዶ ጥገና ያስፈለገ ዕለት ይለያል።

“ዋሽንግተን ከወሰነ ስቴቱ ምን ያድርግ?” የሚለውንም አልቀበልም። የኒውዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2001 ሕጋዊ ስደተኞችን ከስቴቱ ሜዲኬድ ማግለል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈርዷል። ከዚያ ወዲህ ኒውዮርክ አምስት ዓመት አታስጠብቅም። ሜሪላንድም ብትሆን ሕጋዊ ለሆኑ ነፍሰ ጡሮችና ልጆች አምስት ዓመቱን ትታዋለች። ስለዚህ መንገዱን ታውቀዋለች። ለቀሩት አዋቂዎች የጎደለው ፈቃድ ነው። በጀት የለም እንዳይሉኝ፤ እነዚህ ሰዎች ከመጀመሪያው ቼካቸው ጀምሮ ለሜሪላንድ ታክስ ይቆረጥባቸዋል።

የሜሪላንድ ምክር ቤት በየዓመቱ በጃንዋሪ አናፖሊስ ተሰብስቦ 90 ቀን ይቀመጣል። እሑድ ያነጋገረን ወንድማችንን ጨምሮ ድምፅ የምንሰጥ ሰዎች ነን። ወኪሎቻችን አናፖሊስ ሳይሄዱ በፊት ስልካቸው ይጩህ፤ ጥያቄውም አንድ ነው፦ አምስት ዓመቱን ለአዋቂዎችም አንሱልን።