«ቲኤስኤች ኖርማል ነው» ተብሎ መሸኘት ይቅር

አንዲት እናት ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳት እንበል። ተረፈች፣ ቤተሰቡም ተመስገን አለ። ጡቷ ግን ወተት አልያዘም። የወር አበባዋም በዚያው ቀረ። ቀስ እያለ ድካም መጣ፣ ብርድ አልችል አለች፣ ፀጉሯ ሳሳ። አንዱ ሐኪም ደም ማነስ ነው ብሎ አይረን አዘዘላት። ሌላው ጭንቀት ነው አላት። ሦስተኛው አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ ጠረጠረ፣ ቲኤስኤች የሚባለውን የደም ምርመራ አሠራና «ኖርማል ነው» ብሎ ሸኛት። «ስትወልጂ ደም ፈሶሽ ነበር? ጡት አጥብተሻል?» ብሎ የጠየቃት ግን አንድም የለም።

ይህ የሺሃን ሲንድረም መልክ ነው። በ1937 ሃሮልድ ሺሃን የሚባል ሐኪም በዝርዝር የጻፈበት ሕመም ነው። በእርግዝና ጊዜ ፒቱታሪ ዕጢ ስለሚያብጥ ብዙ ደም ይፈልጋል፤ በወሊድ ደም ሲፈስ ቀድሞ ከሚጎዱት አንዱ እሱ ነው።

ፒቱታሪ አተር የምታህል ዕጢ ናት፣ ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ ኋላ የተቀመጠች። ታይሮይድን፣ ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናል ዕጢዎች፣ እንቁላል ማምረቻንና የዘር ፍሬን የምታዘው እሷ ናት። ቲኤስኤች ደግሞ ከእሷ ወደ ታይሮይድ የሚላክ ትዕዛዝ ነው። ታዲያ አዛዧ ራሷ ከታመመች ትዕዛዙን ብቻ ለክቶ ታይሮይድ ደህና ነው ማለት እንዴት ይቻላል? ፍሪ ቲ-ፎር፣ ማለትም ታይሮይድ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን፣ አብሮ መታየት አለበት። እሱ ዝቅ ብሎ ቲኤስኤች ኖርማል ከሆነ ያ ውጤት ኖርማል አይደለም፣ ፒቱታሪን እዩ የሚል ምልክት ነው። እኔ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ታካሚዋ ትክክለኛው በር ላይ ደርሳ ነው የምትመለሰው።

አንድ አደጋም አለ። ፍሪ ቲ-ፎር ዝቅ አለ ተብሎ ታይሮክሲን፣ የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካው መድኃኒት፣ በችኮላ አይጀመርም። ከአድሬናል ዕጢዎች የሚመነጨው ሆርሞን፣ ኮርቲሶል፣ መጀመሪያ በጠዋት ደም ይታይ። ኮርቲሶል የጎደለው ሰው ታይሮክሲን ብቻ ከተሰጠው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል፤ ኮርቲሶልን የሚተካው ሃይድሮኮርቲዞን ይቀድማል።

ወንዶችም አሉ፣ እነሱ ደግሞ አይናገሩም። የወሲብ ፍላጎት መጥፋትን ማንም በመጀመሪያው ቀን አያወራም፣ ካልተጠየቀ። ምክንያቱ ፒቱታሪ ላይ ያለ፣ ፕሮላክቲን የሚባለውን የወተት ሆርሞን የሚያመነጭ እብጠት ሊሆን ይችላል፣ ሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ መቅረትና ሳይወልዱ ወተት መውጣት ያመጣል። ደስ የሚለው፣ አብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና በካበርጎሊን ክኒን ይሟሽሻል። ግን ፕሮላክቲን ከፍ ባለ ቁጥር እብጠት ነው ማለት አይደለም። እርግዝና፣ የታይሮይድ ማነስ፣ እንደ ሜቶክሎፕራማይድ (ለማስመለስ) እና ሪስፐሪዶን (ለአእምሮ ሕመም) ያሉ መድኃኒቶችም ከፍ ያደርጉታል።

የእድገት ሆርሞን ሲበዛ የሚመጣው አክሮሜጋሊ ደግሞ በጣም ቀስ ብሎ ስለሚሄድ አብሮ የሚኖር ሰው እንኳ አያስተውለውም። ቀለበት እምቢ ማለቱን፣ የጫማ ቁጥር መጨመሩን መጠየቅ፣ የድሮ ፎቶ ማየት ይበቃል ለመጠርጠር። ከዚያ መጀመሪያ የሚሠራው አይጂኤፍ-1 የሚባል የደም ምርመራ ነው። ዓይንም አይረሳ። የፒቱታሪ እብጠት ወደ ላይ ሲያድግ የእይታ ነርቮችን ስለሚጫን ሰውየው በግራም በቀኝም በጎን ያለውን ማየት ያቅተዋል። ይህን ለማወቅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጣት ማንቀሳቀስ እንጂ መሣሪያ አያስፈልግም። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስና የእይታ መደብዘዝ ከመጣ ግን ዕጢው ውስጥ ደም ፈሶ ሊሆን ይችላል፣ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

«ሐኪሙ ለአንድ ሰው ያለው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ለብርቅ በሽታ ማን ጊዜ አለው?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት አለው። እኔም ሁሉም ሰው ኤምአርአይ ይነሳ አላልኩም፤ እንዲያውም ጤነኛ ከሚባሉ አዋቂዎች ከ10 አንዱ ገደማ ቢነሳ ፒቱታሪው ላይ ምንም የማያደርግ ትንሽ እብጠት ሊገኝበት ስለሚችል፣ መጀመሪያ ሆርሞኑ ቢለካ ይሻላል። የምለው ጥያቄ ይጠየቅ ነው። ሪፈር ወረቀት ላይ «ድካም» ብቻ ተጽፎ የሄደች ሴት ለወራት ከክፍል ክፍል ልትንከራተት ትችላለች። «በወሊድ ብዙ ደም ፈሷታል፣ አላጠባችም፣ ወር አበባዋ አልተመለሰም፣ ፍሪ ቲ-ፎር ዝቅ፣ ቲኤስኤች ኖርማል» ተብሎ የተጻፈላት ግን የሆርሞን ሐኪም ጋር የምትደርሰው ምርመራዋ ተጋምሶ ነው።