ወይ ፍንክች!

በመመሪያው መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሠንጠረዥ አለ። በግራ «ችግር» ይላል፣ በቀኝ «መፍትሔ»። ችግር፦ ማሽኑ አይነሳም። መፍትሔ፦ ሶኬቱ መሰካቱን ያረጋግጡ። እሺ፣ ተሰክቷል። ከዚያስ? ቀጣዩ መስመር፦ ሕጋዊ የጥገና ማዕከል ያነጋግሩ።

አለቀ! ሶኬት ከመሰካት በቀጥታ ወደ ጥገና ማዕከል። መሃል ላይ ምንም የለም።

የማወራው ስለ ፕሬሸር ዋሸር ነው። ያው ሽጉጥ የመሰለ መያዣ ያለው፣ ውሃ በኃይል እየረጨ መኪናና ግቢ የሚያጥበው የኤሌክትሪክ ማሽን። ባለፈው ስጠቀምበት ጎረቤት እስኪማረር ይጮህ ነበር። አሁን ከተቀመጠበት አውጥቼ፣ ውሃውን አገናኝቼ ማብሪያውን ስጫነው ግን ወይ ፍንክች!

ዕቃ ነው፣ ይበላሻል፤ በዚህስ አልናደድም። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይሄ ማሽን ለያዘው በሽታ ሁሉ መልሱ አንድ መሆኑ ነው። ፊውዝ ቢቃጠል ጭጭ። ማብሪያው ቢበላሽ ጭጭ። ሞተሩ በጣም ግሎ ራሱን ቢያጠፋ ጭጭ፤ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ እንዳለባችሁ በምን ታውቃላችሁ? ጭራሽ ምንም ሳይበላሽም ጭጭ! ሐኪም ፊት ቀርቦ አፌን አልከፍትም ያለ በሽተኛ በሉት።

«ሳይበላሽም» ያልኩት ለቀልድ አይደለም። ብዙዎቹ የዘመኑ ማሽኖች ምላጩ ካልተሳበ ሞተሩ እንዳይዞር ተደርገው ነው የተሠሩት። ፓምፑ ውስጥ ግፊት ሲሞላ አንዲት ትንሽ ማይክሮ ስዊች ሞተሩን ታጠፋዋለች። ምላጩ ሲሳብ ግፊቱ ይወርድና መልሳ ታበራዋለች። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ሞተርም ፓምፕም ያድናል። ግን ይህን ለገዢው ማን ነገረው? ማብሪያውን ተጭኖ ድምፅ ሲያጣ «ሞተሩ ሄዷል» ብሎ ደህናውን ማሽን ተሸክሞ ጥገና ቤት የሚሮጥ ሰው አለ እኮ! አንዲት ትንሽ መብራት ቢያደርጉባት ምን ነበረበት? «ኤሌክትሪክ ደርሶኛል፣ ምላጩን ሳብ» የምትል። ተራ ማከፋፈያ እንኳ ቀይ መብራት አለው።

የሶኬቱም ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አንዳንዱ ማሽን ገመዱ ጫፍ ላይ ባለ ሁለት ቁልፍ ወፍራም ሳጥን አለው። ኤሌክትሪክ በውሃ ወይም በሰው በኩል ሲያፈተልክ የሚቆርጥ መከላከያ ነው። በብዙ አገር በ30 ሚሊ አምፒር፣ በሰሜን አሜሪካ በ5 አካባቢ ይቆርጣል። ሕይወት የሚያድን ነገር ስለሆነ አልቀልድበትም። ነገር ግን አንዳንዱ ዓይነት መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ይቆርጥና «ሪሴት» የሚለው ቁልፍ እስኪጫን ድረስ ተኝቶ ይጠብቃል። ይህን ካላወቃችሁ ሙሉ ቀን ብትጠብቁት አይነሳም። ተጭናችሁት ወዲያው መልሶ ከቆረጠ ደግሞ አትታገሉት፤ የሆነ ቦታ ውሃ ገብቷል ወይም ገመዱ ተልጧል። «ያለ እሱ በቀጥታ ላገናኘው» የሚል ጀግና ካጋጠማችሁ ከግቢ አስወጡት። እጅ ውሃ ውስጥ፣ እግር ውሃ ውስጥ፣ መከላከያ የለም! ምን ዓይነት ድፍረት ነው?

ሌላው ዓይነት ማሽን ጭጭ አይልም። «እምምም» ይላል እንጂ አይዞርም። ይሄ ሌላ ነገር ነው። ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ጋ ደርሷል፣ መዞር ነው ያቃተው። ቶሎ አጥፉት፤ ቆሞ ባጉረመረመ ቁጥር ሽቦው ውስጥ ለውስጥ እየጋለ ነው። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ማከፋፈያው ገመድ ነው፤ ይህን ስናገር ደግሞ ማንም አያምነኝም። «ቴሌቪዥን ያስነሳል እኮ!» ይሉኛል። ቴሌቪዥንና ይሄን ምን አገናኛቸው?

እስቲ እናስላው። 20 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ሽቦው 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ገመድ እንውሰድ። ደርሶ መልሱ 40 ሜትር መዳብ ነው፤ ወደ 0.9 ኦም ይሆናል። ኢንዳክሽን የሚባለው ዓይነት ሞተር በሚነሳባት ቅጽበት ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይስባል። 40 አምፒር ሳበ እንበል። 36 ቮልት ገመዱ ላይ ቀረ ማለት ነው። ከግድግዳው 220 ሆኖ የወጣው ማሽኑ ጋ 184 ሆኖ ይደርሳል። የሞተሩ የመነሻ ጉልበት ደግሞ በቮልቱ ልክ አይደለም የሚቀንሰው፤ በቮልቱ ስኩዌር፣ ማለትም ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። ስለዚህ ከጉልበቱ 30 በመቶው መንገድ ላይ ቀርቷል። እምምም ቢል ይገርማል? ማሸጊያው ካርቶን ላይ ግን ሰውዬው ከቤቱ ርቆ በፈገግታ መኪናውን ሲያጥብ ነው የሚታየው። ገመዱ ምን ያህል መወፈር እንዳለበት ያስቀመጡት ከማስጠንቀቂያዎቹ መሃል፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል።

በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክታችሁትም ካጉረመረመ ፓምፑ ውስጥ የታመቀ ግፊት ሊኖር ይችላል። ምላጩን ሳቡና አስተንፍሱት፣ ከዚያ አብሩት። ካልሆነ ፓምፑ በተቀመጠበት ዝጎ ተጣብቋል፣ ወይም ሞተሩን ለማስነሳት የሚያግዘው ካፓሲተር ደክሟል። ካፓሲተሩን ሶኬቱ ተነቅሎም ቢሆን በባዶ እጅ አትንኩት፤ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ሌላው፣ ርካሹና ጯሂው ዓይነት ሞተር ደግሞ የሚሠራው በካርቦን ነው፤ ወደሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ትንንሽ ቁራጮች ናቸው። ካርቦኑ ተበልቶ ሲያልቅ እንደገና ጭጭ።

የእኔው ጭጭ ነበር። ሶኬቱ ደህና፣ ሪሴቱ ደህና፣ ምላጩ ተስቦ፣ ማብሪያው በቴስተር ሲለካ ደህና። ስለዚህ ያቺን ማይክሮ ስዊች ጠረጠርኩ። እሷን ለማየት ደግሞ ማሽኑን መክፈት ነው።

አሁን ይህንን ስሙኝ። ብሎኖቹ ባለ ኮከብ ናቸው። ይሁን፣ ባለ ኮከብ ካቻቢቴ አለኝ። አይገባም! ለምን? እያንዳንዱ ብሎን መሃሉ ላይ እንደ እሾህ የቆመ ነገር አለው። ተራው ካቻቢቴ እንዳይገባ ታስቦ የተሠራ ነው። ጫፉ የተበሳ ልዩ ካቻቢቴ ያስፈልጋል። እሱን ፈልጌ ባገኝ፣ ብሎኖቹ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለተቀመጡ አንገቱ አጭር ሆኖ አልደረሰም። የማሽኑን ችግር ለማወቅ መብራት አላደረጉም፤ እኔ እንዳልከፍተው ግን ይሄን ሁሉ ተጨንቀዋል!

በመጨረሻ ተከፈተ። ጥርጣሬው ትክክል ነበር። ማይክሮ ስዊቿን የምትገፋው ትንሽ ዘንግ ውሃው በተወው ነጭ ጋግርት ደርቃ ተጣብቃለች። ፓምፑ ባዶ ሆኖ እያለ ስዊቿ ግፊት ሞልቷል ብላ ሞተሩን አጥፍታ ተቀምጣለች። ዘንጓን አጽድቼ አላቀቅኳት፤ ስዊቿ ግን ውስጧ ተቃጥሎ ኖሮ መቀየር ነበረባት። ጥገና ማዕከል ደወልኩ። «ለብቻዋ አንሸጥም፣ ከነፓምፑ ነው» አሉኝ። ጥፍር በምታህል ስዊች የተነሳ ሙሉ ፓምፕ ግዛ! ጎኗ ላይ ቮልቷና አምፒሯ ተጽፏል፤ የማይክሮዌቭ በር ላይ የሚገቡት ስዊቾች የቅርብ ዘመዶቿ ናቸው። በመጠን፣ በቮልትና በአምፒር አቻዋን ከኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ሻጭ አገኘሁና ገባች። ማሽኑ እንደ ልማዱ ጎረቤት ማማረር ጀምሯል።

እነዚያን ባለ እሾህ ብሎኖች መልሼ አላሰርኳቸውም። ሁሉንም በተራ ባለ መስቀል ብሎን ቀይሬያቸዋለሁ።